ኪቲዮኔ እህት የለውም

ማንጌሬ፣ ኦክላንድ
ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1996

ለተከበሩ አክስቴ ለቶአካሴ፣

ሰላምታዬ ከባሕሩ ማዶ ይድረስዎ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ምንጣፍ ሲሠሩ ውለው ሲነሡ ይንቋቋል ያሉኝ ጉልበት አሁንም ይንቋቋል? ሦስት ወር ሙሉ ሳልጽፍ በመቅረቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰበብ ልደረድር ጀምሬ ነበር፤ ቀደድኩት። እርስዎ ሰበብ ከሩቅ ይሸትዎታል።

አይ፣ አልታመምኩም። ገና ለገና በመርከብ የመጣ ሰው ከስታለች ብሎ ነግሮዎት ከሆነ፣ የከሳሁት ስፌት በዝቶብኝ ነው። ፀጉሬን ማስረዘሜ እውነት ነው። ቀሚስ ለብሼ መዋሌም እውነት ነው፤ ይሄ ግን ለእርስዎ ወሬ አይደለም። በስድስት ዓመቴ የእርስዎን ቀሚስ ለብሼ ለያም ድንች የተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ስወድቅ ያወጡኝ እርስዎ ነዎት። ያን ቀን «ቀሚሱን ቀድደሽው ከሆነ ወየውልሽ» አሉኝ እንጂ «ለምን ለበስሽ» አላሉኝም። አባቴ «ወንድ ልጄን እንደ ሴት የሚኖር ሌይቲ አታድርጊብኝ» ብሎ ሲጮህ «እኔ አላደረግኳትም፤ ከእናቷ ሆድ እንዲህ ሆና ነው የመጣችው» ብለው አፉን አስያዙት። ይህን ውለታዎን እስክሞት አልረሳውም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። እዚህ አገር ስም የሚቀየርበት ፎርም አለ። ሁለት ገጽ ነው። የቀድሞ ስም፣ አዲስ ስም፣ ፊርማ፣ አለቀ። ጸሐፊዋን «የሚፈቅደው ማን ነው?» ብላት «አንቺው ራስሽ» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ምን ብዬ ላስረዳት? እኛ ዘንድ ስም የምታወጣው የአባት እህት ናት። ኢሲሌሊ ብለው በወንድ አያቴ ስም የጠሩኝ እርስዎ ነዎት፤ አባቴ እንኳ ስሜን የሰማው ከጎረቤት ጋር እኩል ነው። በገዛ እጄ ጽፌ የምጠራበት ስም መንገድ ላይ ወድቆ እንዳነሣሁት ኮፍያ ነው የሚሆንብኝ።

ስለዚህ እግርዎ ሥር ተቀምጣ ለመነችኝ ብለው ይቁጠሩልኝና፣ የአያቴን የሎሳሊኔን ስም ይስጡኝ። ቅጠሉን በዛጎል ስለት እየሰነጠቅኩ ምንጣፍ መሥራት ያስተማረችኝ እሷ ናት። አሥራ አንድ የልጅ ልጆች ነበሯት፤ በመጨረሻው ዓመቷ ያጠብኳት፣ ፀጉሯን ያበጠርኩላት፣ ያጎረስኳት እኔ ነኝ። ከሞተች አምስት ዓመት ሆናት፣ ስሟን የያዘ ሰው ግን የለም። አባቴ ቢቆጣም የእርስዎ ቃል ከእሱ በላይ ነው፤ ወንድም በእህቱ ላይ አፍ የለውም። እርስዎ እምቢ ካሉኝ ፎርሙን እቀደዋለሁ።

ለጊዜው ኢሲሌሊ የምባለው ልጅዎ


ሃአኖ ደሴት
ኤፕሪል 2 ቀን 1996

ለልጄ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሁለቴ አነበብኩት፤ አንዴ በመነጽር፣ አንዴ ያለ መነጽር። ያለ መነጽር ስታነቢው ነገሩ ያንሳል። ጉልበቴ ይንቋቋል። መርከቧ ተበላሽታ ሁለት ሳምንት ስኳርና ሳሙና ጠፍቶብን ነበር። ባሕር ውስጥ የዘፈዘፍኩትን የምንጣፍ ቅጠል ማዕበል ወሰደብኝ፤ የጎረቤቴን አልነካውም፤ እግዚአብሔርም ሰው ይመርጣል።

አዎ፣ ለአባትሽ አሳይቼዋለሁ። አትቆጪ። አልጮኸም። አነበበና ወጥቶ አሳማዎቹን አበላ፤ ቀድመው የበሉትንም ደግሞ አበላቸው። ከዚያ መጥቶ ደጃፌ ላይ ተቀመጠ፤ የእህቱን ቤት ደፍሮ እንደማይገባ ታውቂያለሽ። «ቶአካሴ፣ ስም የአንቺ ነው፤ እኔ ምን አገባኝ» አለኝ። «ግን ሴት ልጅ ርስት አትወርስም። ሴት ነኝ ካለ ብኩርናውን ለኪቲዮኔ ይልቀቅ። ሁለት ባላ ተክሎ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ልንጠልጠል ማለት የለም።»

እኔም አሰብኩት። መሬቱን የሚያርሰው ታናሽ ወንድምሽ ኪቲዮኔ ነው። ሚስቱ ሴይኒም ፀንሳለች፤ ከእንግዲህ አፍ ይበዛበታል። አንቺ ደግሞ ያም ልትተክዪ አትመለሺም። አባትሽ ያጻፈውን ወረቀት እዚህ ውስጥ አጥፌዋለሁ፤ ፈርመሽ ላኪው።

ስሙን በተመለከተ፣ ስም በፖስታ አይላክም። ሰው ባለበት፣ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ፓስተሩ ቆሞ ነው። አዲሱ ቤተ ክርስቲያን በኦገስት ይመረቃል፤ ያን ጊዜ ነይ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የእኔን ቃል ታውቂዋለሽ።

እግረ መንገድሽን የመዘምራኑን ቀሚስ ብትሰፊልን ብለዋል ሴቶቹ። አርባ ሁለት ናቸው። ልካቸውን ጽፌልሻለሁ፤ የወፈሩት ዋሽተዋልና ሁሉንም ሁለት ጣት ጨምሪበት።

አክስትሽ ቶአካሴ


ማንጌሬ
ጁን 9 ቀን 1996

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔ ደስታ ይሁን ድካም ለይቼ አላውቀውም፣ እግሬ መሬት አይነካም። ቀሚሶቹ በሦስት ካርቶን ተልከዋል። ወረቀቱም ከቀሚሶቹ ጋር ነው፤ ፈርሜዋለሁ።

በመሐል በላኩልኝ ደብዳቤ «አይቆጭሽም ወይ» ላሉኝ፣ መሬቱስ አይቆጨኝም። እውነቱን ልንገርዎት ካልኩ ግን ስፈርም አልቅሻለሁ። ልጅ ሆኜ አባቴ ትከሻው ላይ አድርጎኝ «የበኩር ልጄ፣ ከዚህ ዛፍ እስከዚያ ዛፍ ያንተ ነው» ብሎ ድንበሩን ያሳየኝ ቀን ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። ምነው ያን ቀን ባልተሸከመኝ አልኩ። ቢሆንም ኤሳው እንኳ ብኩርናውን ሲሸጥ ምስር ወጡን በልቷል። የእኔ ምስር ስሜ ነው፤ በኦገስት እበላለሁ።

«ሱሪ ለብሰሽ ነይ» ላሉኝ ግን አይሆንም፣ አክስቴ። ይህን አይለምኑኝ። ቀሚስ ለብሼ፣ ለክብር የሚታጠቀውን የወገብ ምንጣፌን ታጥቄ፣ ፀጉሬን ጠቅልዬ ነው የምመጣው። ሰው ይስቅብናል ላሉት፣ አርባ ሁለት ቀሚስ ከሰፋሁላቸው በኋላ የሚስቁ ከሆነ ይሳቁ፤ ሆዱ ላይ ላላ አድርጌ ሰፍቼላቸዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ለኪቲዮኔ ይንገሩልኝ። ሴይኒ ስትወልድ እንዳይቸኩል። እህቱ እኔ ነኝ፤ የልጁን ስም የማወጣው እኔ ነኝ። ወንድም ቢሆን ሴትም ብትሆን አውጥቼ ይዣለሁ። «ሳትጠይቀኝ ስም ብታወጣ እግርህን እሰብረዋለሁ ብላለች» ይበሉት። ይስቃል፣ ይፈራልም። በጥምቀቱ ቀን ከሁሉ በላይ የምቀመጠው፣ በሠርጉም ምርጡን ምንጣፍ የምረከበው የአባት እህት አይደለሁ? ይህን ሳስበው ከስሙም በላይ ደስ ይለኛል። እኔ እርስዎ ለእኔ የሆኑልኝን ለሰው ልሆን ነው።

በቅርቡ ስሟ የሚታወቀው ልጅዎ


ሃአኖ ደሴት
ኦገስት 28 ቀን 1996

ለልጄ፣

ጤናሽን እመኛለሁ። ጉልበቴ ደህና ነው። ዝናቡም ጥሩ ነው። ያሙ ዘንድሮ ወፍሯል።

የቤተ ክርስቲያኑ ምረቃ እስከ መቼ ተራዘመ ብለሽ ጠይቀሻል። አልተራዘመም፤ ተመርቋል። መርከቡ ሞልቷል፣ ቀኑም ተገፍቷል ብዬ ያስነገርኩሽ እኔ ነኝ። መንገድ ላይ እንዳትንገላቺ ብዬ ነው ልልሽ ነበር፤ አንቺም ሰበብ ይሸትሻል፣ ስለዚህ ተይው።

ቀሚሶቹ ግን! ምን እጅ ነው የሰጠሽ! ከሊፉካ ደሴት የመጡት ሁሉ ማን ሰፋው፣ ማን ሰፋው ሲሉ ዋሉ። ከኦክላንድ የመጣ ነው አልናቸው።

እንግዲህ ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ። ሴይኒ በጁላይ ሴት ልጅ ወለደች። በምረቃው ዕለት ተጠመቀች። ስሟ ሎሳሊኔ ነው። ያወጣሁላት እኔ ነኝ።

ከመፍረድሽ በፊት ስሚኝ። አባትሽ ደጃፌ ላይ ሦስት ቀን ተቀመጠ። እህል አልቀመሰም። በስልሳ ስምንት ዓመቱ እንደ ሕፃን አለቀሰብኝ። «በእናቴ ስም ወንድ ልጄ ሲጠራ ከምሰማ ቅበሪኝ» አለኝ። እኔ በወንድሜ ላይ ሥልጣን አለኝ፣ እውነት ነው፤ እሱ ደግሞ አንጀቴ የት እንዳለ ያውቃል። ወረቀቱንስ ለምን አስፈረማችሁኝ ትይኛለሽ። የተፈረመው ተፈርሟል።

ሌላ ስም ምረጪ፣ ልጄ። የአበባ ስም ሞልቷል። ሎሳሊኔ መባል ቀላል እንዳይመስልሽ፤ እናቴ ክፉ ምላስ ነበራት። አሁን አትምጪ፤ ነገሩ ይብረድ።

አክስትሽ ቶአካሴ


ማንጌሬ
ሴፕቴምበር 22 ቀን 1996

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ዛሬ ስለ ጉልበትዎ አልጠይቅም።

ከመዘምራኑ አንዷ፣ ሌሲኤሊ፣ ልጇን ልትጠይቅ እዚህ መጥታ ነበር። የሰፋሁላትን ቀሚስ ለብሳ ልታመሰግነኝ ቤቴ ገባች። እርስዎ ያልጻፉልኝን እሷ ሳታውቅ ነገረችኝ። ፓስተሩ ሕፃኗን ታቅፎ «የአባትየው እህት የት አለች? ትቅረብ» ሲል ኪቲዮኔ ብድግ ብሎ «እህት የለኝም» አለ አሉ። እርስዎ አጠገቡ ተቀምጠው ነበር አሉ። አባቴም ነበር አሉ። እርስዎ ተነሥተው ሕፃኗን ተቀበሉ አሉ።

አክስቴ፣ ስሙ አይደለም ያንገበገበኝ። ሕፃኗ ታድግበት፣ ያድርግላት። የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው፤ ርስቱን ስለቅ ሴት ነኝ፣ ወንድሜ ልጅ ሲያስጠምቅ ወንድ ነኝ። ለመሬቱ ጊዜ «ሴት አትወርስም» አላችሁ፤ ለክብሩ ጊዜ «እህት የለውም» አላችሁ። አያቴን ሳጥብ ሴት ነበርኩ፤ አርባ ሁለት ቀሚስ ስሰፋም ሴት ነበርኩ። ሥራ ሲሆን ሴት፣ ወንበር ሲሳብ ወንድ። ኤሳው ምስሩን በልቶ ተነሣ፤ እኔ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷን የማላይ ሆኜ ቀረሁ።

አባቴን አልወቅስም። ኪቲዮኔም ሞኝ ነው፤ ሞኝነቱን ከጥርስ ጋር ነው ያበቀለው። የሚያመኝ እርስዎ ነዎት። አንድ ቃል ነበር ከአፍዎ የሚወጣው፣ አንድ ቃል፤ ደሴቱ ሁሉ አንገቱን ይደፋ ነበር።

ከእንግዲህ አይጻፉልኝ። ስም የሚያወጣልኝ የለኝም፤ ራሴ አወጣለሁ።


ፓንጋይ
ጃንዋሪ 12 ቀን 1997

ለልጄ፣

አይጻፉልኝ ብለሽኛል። አራት ወር ታዘዝኩሽ፤ ለእኔ ብዙ ነው።

የምጽፍልሽ ከሆስፒታል ነው። ያመመኝ እኔ አይደለሁም። ሕፃኗ ናት። ዘጠኝ ቀን ሆናት፣ ትኩሳቱ አልበርድ አለ። ጡት አትይዝም። ከሃአኖ በጀልባ አሻግረን እዚህ አስተኛናት፤ እኔና ሴይኒ አጠገቧ ነን።

ትናንት ኪቲዮኔ መጣ። ወንበር እያለ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «አክስቴ፣ እህቴ ረግማኛለች» አለኝ። እህቴ አለ። ከአፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ፤ ሴይኒ ፊቷን አዞረች።

የአባት እህት ካዘነች ሐዘኗ የወንድሟ ልጅ ላይ እንደሚወጣ አንቺም ታውቂያለሽ። ሐኪም እንደማይፈታውም ታውቂያለሽ፤ የሚፈታው የእሷ ምሕረት ነው። ኪቲዮኔ «ማሪኝ በይልኝ» ብሎ እግሬን ያዘ። «እኔ ምን አገባኝ፣ ራስህ ጻፍላት» አልኩት። «ምን ብዬ ልጥራት?» አለኝ። የሕፃኗን ግንባር በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ያዝኩ። 

አባትሽም ሰምቷል። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ብሎ ወደ አሳማዎቹ ሄደ።

ረግመሻት እንደሆነ ንገሪኝ፤ አልቆጣሽም። ካልረገምሽም ንገሪኝ። ይህን ደብዳቤ በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ይሰጥሻል፤ መልሱንም በኪቲዮኔ ስም አድርጊና ሐሙስ ለሚመለሰው ስጪው።

አክስትሽ ቶአካሴ


ማንጌሬ
ጃንዋሪ 15 ቀን 1997

ለተከበሩ አክስቴ፣

አልረገምኩም። ልርገም ብዬ አፌን ከፍቼ እንደነበር አልደብቅዎትም። ልጅቷን አላውቃትም፤ ስሟን ግን አውቀዋለሁ። በዚያ ስም ላይ ክፉ ቃል ሊወጣኝ አልቻለም።

እህት የሌለው ሰው የእህት እርግማን ከየት መጣበት? ይህን ይጠይቁልኝ። ደስታ ሲሆን ያልነበርኩ፣ ትኩሳት ሲመጣ ተወለድኩ? በማንበብ ላይ ሳለሁ ሳቅሁ፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ከዚያ የልጅቷ ጡት አለመያዝ ትዝ አለኝና ተነሥቼ ይህን መጻፍ ያዝኩ። ኪቲዮኔን በአፌ ምሬዋለሁ፤ በሆዴ ገና ነው። ልጅቷን ግን በአፌም በሆዴም።

ነገር ግን ይህን ደብዳቤ ኪቲዮኔ ራሱ፣ ከራስጌዋ ቆሞ፣ ሰው እየሰማ ጮክ ብሎ ያንብበው። የማን ምሕረት እንደሆነ በስም ካልተጠራ ምሕረቱ አይሠራም፤ እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። ምን ብዬ ልጥራት ላለው መልሱ ይኸው።

ስሜን በዲሴምበር ፎርሙ ላይ ጽፌዋለሁ። ማንንም አላስፈቀድኩም፤ የሚፈቅድልኝ አልነበረም። አያቴ ቅጠል ስትሰነጥቅ፣ ሌላ ሰው ከሌለ ብቻ፣ ስለ ታላቅ እህቷ ትነግረኝ ነበር። የደረቀ ኮኮናት በሚጭን መርከብ ተሳፍራ ስለሄደችው፣ ቤተሰቡም ስሟን ለማንም ልጅ እንዳይሰጥ ስለማለባት። ስልሳ ዓመት ሙሉ ያ ስም ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። የደማችን ስም ነው፣ የሴት ስም ነው፣ ማንም ተነሥቶ የእኔ ነው አይለኝም።

ከዚህ በታች ያለውን ቃል ሳይዘል ያንብብ።

እኔ ኤሌኖአ፣ የማናሴ ልጅ፣ የኪቲዮኔ እህት፣ የሕፃኗ የሎሳሊኔ የአባቷ እህት፣ ወንድሜ የበደለኝን ትቻለሁ። በልጁ ላይ ምንም የለኝም። ትጥባ፣ ትደግ፣ ትዳር።


ሃአኖ ደሴት
ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1997

ለኤሌኖአ፣

አንብቦታል ወይ ብለሽ ሰው ልከሽብኛል። አንብቦታል።

ሐሙስ በመጣው ሰው እጅ ደብዳቤሽ ሃአኖ ደረሰ፤ ኪቲዮኔ ዓርብ ጠዋት በጀልባ ይዞት ተሻገረ። ቆሞ አነበበ። ክፍሉ ውስጥ ሁለት አሮጊቶች፣ አንዲት አራስና ነርሷ ነበሩ። ስምሽ ጋ ሲደርስ ንባቡን አቋረጠ።  ወደ እኔ አየ። «ኤሌኖአ» አለ። አንዷ አሮጊት «ማን? ያቺ በመርከብ የሄደችው?» አለች። «አይደለችም፤ እህቴ ናት» አላት። 

ከዚያ ጎንበስ ብሎ የልጅቷን ግንባር ነካ። ቀዝቅዟል። ወለሉ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። አሁን ልጅቷ ቤቷ ገብታለች፤ ትጠባለች፤ እንደ አያትሽ ትጮሃለች። ኪቲዮኔ ላገኘው ሰው ሁሉ «እህቴ ማረችኝ» እያለ ያወራል። በሚቀጥለው ልጅ አንቺን ሳይጠይቅ ትንፍሽ አይልም። አባትሽ ስምሽን ገና አልጠራም፤ ሰው ሲጠራው ግን ተነሥቶ አይሄድም።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ትኩሳቷ የለቀቃት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ነርሷ መድኃኒቱ ይዞላታል፣ አትሥጉ አለችን። ኪቲዮኔ በማግስቱ ሲገባ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳብኩላትና ዝም አልኩ። ሴይኒ አየችኝ። እሷም ለወንድሟ ልጆች የአባት እህት ናት፤ ዝም አለች።

በፍቅር እንዳይመስልሽ፣ ልጄ። ይፈሩሻል። እዚህ ልጅ ሲያስቸግር «ኤሌኖአ ትሰማሻለች» ማለት ጀምረዋል። ፍቅሩን ላስገኝልሽ የምችልበት ቀን ነበር፤ ፓስተሩ እየጠየቀ እኔ ተቀምጬ አሳለፍኩት። ያ ቀን አይመለስም። በእርጅናዬ በዝምታ የገዛሁልሽ ይሄንን ፍርሃት ነው፤ እህትነት ብለሽ ተቀበዪኝ።

የሐሙሱን ነገር ለማንም አትናገሪ። ለልጅቷም ቢሆን።

አክስትሽ ቶአካሴ